ጎብኚ ሆኜ የቆምኩበት በር

የስነ ዜጋ አስተማሪ ነኝ። ይህን ስናገር ሰው ፈገግ ይላል፤ አልፈርድበትም። ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ የትምህርቱ ስም ተቀይሯል፣ መጽሐፉ ተቀይሯል፣ መጽሐፉ ውስጥ ያሉት ፎቶግራፎች ተቀይረዋል። ያልተቀየርነው እኔና የክፍሉ ሰሌዳ ብቻ ነን፤ ሰሌዳውም በጦርነቱ ጊዜ አንድ ጎኑ ተገንጥሏል። ስለዚህ የሚከተለውን የምነግራችሁ ፖለቲካ አውቃለሁ ብዬ አይደለም። ፖለቲካ የሰለቸኝ ሰው ነኝ፤ የገጠመኝም የሰለቸኝን ነገር በገዛ እግሬ ልጎበኝ በሄድኩበት ቀን ነው።

ያን ጊዜ የምኖረው መርሳ ነበር፣ ወላጆቼ ትተውልን ባለፉት ቤት። ታናሽ ወንድሜን ሀብታሙን ያሳደግኩት እኔ ነኝ። አላገባሁም፤ ልጄም ወንድሜም እሱ ነበር። ክተት በተባለ ጊዜ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ወጣ። መጀመሪያ መጀመሪያ ይደውል ነበር። አንድ ቀን «ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ልንሄድ ነው፣ እንዳታስቢ» አለኝ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። ጦርነቱ አለቀ ተባለ፣ ደግሞ ሌላ ጀመረ። እኔ ስልኬን ትራሴ ስር አድርጌ መተኛቴን አልተውኩም።

በመጀመሪያው ሰሞን ያገኘኝ ሰው ሁሉ «ደወለ?» ይለኝ ነበር። ዳቦ ቤት «ደወለ?»፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ «ደወለ?»፣ ሰልፍ ላይ ቆሜ ተማሪ ስቆጣ እንኳ የዘበኛው ሚስት በአጥር ብቅ ብላ «ደወለ እንዴ ቲቸር?»። «አልደወለም» እያሉ መመለስ ሙሉ ቀን ከማስተማር የባሰ ያደክማል። ከጊዜ በኋላ ጥያቄው ቆመ። ሰውም እንደኔ ሰልችቶት ነው ብዬ እፎይ አልኩ። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

አንድ ሰሞን ከዞን ደብዳቤ መጣ። ወደ ወልድያ በእድገት ተዛውረሻል ይላል። ሌላ ሰው ቢሆን ድግስ ይደግስ ነበር፤ እኔ ግን አመመኝ። ሀብታሙ መጥቶ በሩ ተቆልፎ ቢያገኘውስ? የሰፈራችን የቅሬ ዳኛ ጋሽ እንድሪስ ሊመክሩኝ መጡ። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ እኛ ሙስሊም ክርስቲያን ሳንል አብረን የምንቀባበርበት። ጋሽ እንድሪስ ከማሳቸው ፓፓያ ሳይዙ ቤቴ አይመጡም። ያን ቀንም ፓፓያውን መስኮቱ ላይ አስቀምጠው፦

«ሂጂ እንጂ የሺዬ፣ አየር ለውጪ። ቤቱን እኛ አለን» አሉኝ።

«ልጁ ሲመጣስ ጋሽ እንድሪስ?»

ፓፓያው በደንብ እንዲበስል ፀሐይ እንዳይነካው ነግረውኝ ወጡ። እኔ ደግሞ ዝውውሩ ይቅርልኝ ብዬ ልለምን በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ወልድያ ሄድኩ።

የምፈልጋቸው ኃላፊ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ከሰዓትም ስብሰባ ላይ ነበሩ። ጸሐፊዋ ደግ ልጅ ናት፤ «ነገ ጠዋት ሳይገቡ በሩ ላይ ይያዟቸው» ብላ መከረችኝ። አንድ ሆቴል ክፍል ያዝኩና በረንዳው ላይ ተቀምጬ የባጃጅ ጩኸት ስሰማ፣ አንድ ረጅም ጎልማሳ መጥቶ ፊቴ ቆመ።

«ቲቸር የሺ! ኑሩ ነኝ። መርሳ ያስተማሩኝ።»

ኑሩን እንዴት እረሳዋለሁ? ክፍል ውስጥ የሚጠይቀው ጥያቄ ማለቂያ አልነበረውም። አስጎብኚ ሆኖ ፈረንጆችን ወደ ላሊበላ ሲያመላልስ ነበር የቆየው። እንግዳ ከጠፋ ወዲህ ግን ሥራ የለም፤ ከስቷል፣ ሸሚዙ ግን እንደ ድሮው ተተኩሷል።

«አሁን ታዲያ ምን እየሠራህ ነው?»

«አዲስ ጉብኝት ከፍቻለሁ። የወልድያ ፖለቲካ፣ በእግር። በቡድን አይደለም፣ ለአንድ ሰው ብቻ።»

«ፖለቲካ ይጎበኛል እንዴ?»

«ሌላ ምን ተረፈን ቲቸር?»

«እስካሁን ማን መጣልህ?»

«አንድ የእርዳታ ድርጅት ሰው። እሱም ግማሽ ላይ ስልክ ተደውሎለት ሄደ» አለና ፈገግ አለ። «እርስዎ ይሞክሩልኝ። እስከ መጨረሻው አይቶ እዚህ ጋ ጎደለ የሚለኝ ሰው ነው ያጣሁት።»

እንቢ ልለው ነበር። ግን ጠዋት ያን የሆቴል ግድግዳ እያዩ ቢሮ እስኪከፈት ከመጠበቅ ይሻላል ብዬ እሺ አልኩ። ሊነጋጋ ሲል እንድንወጣ ተስማማን። ቢሮ ላይ ጣቱን ቀስሮ ሲያወራ ያየው ሁሉ «ማን ላከህ?» ስለሚለው ሥራውን ሰው ሳይወጣ ነው የሚጨርሰው።

ጠዋቱ ይበርድ ነበር። ጥቁሩን ካፖርቴን ደረብኩ፣ ነጠላዬን አናቴ ላይ ጣል አደረግኩ። ኑሩም ጠቆር ያለ ጃኬት ለብሶ ሆቴሉ በር ላይ ጠበቀኝ። ያ ለፍላፊ ልጅ ሥራ ላይ ሲሆን ሌላ ሰው ነው የሚሆነው፤ እጁን ወደ ኋላ ያጣምራል፣ አንገቱን ደፋ ያደርጋል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እግሩን እየቆጠበ ይሄዳል። ፈረንጆች እንዲህ ሲሆን ደስ ይላቸዋል አለኝ።

መጀመሪያ አደባባዩ ጋ አቆመኝ።

«እዚህ ቆሞ ነፃ ወጣህ ያልተባለ የወልድያ ሰው የለም። አያቴ ተብሏል። አባቴ ተብሏል። እኔ ደግሞ በአጭር ጊዜ ውስጥ ከአንድም ሁለት ጊዜ ተብያለሁ፤ በሁለቱም አጨብጭቤያለሁ።»

ቀጥሎ አንድ የስብሰባ አዳራሽ በር ላይ ወሰደኝ። «በአያቴ ጊዜ እዚህ የሚደረገው ውይይት ይባል ነበር፣ በአባቴ ጊዜ ግምገማ፣ በእኛ ጊዜ የሰላም ኮንፈረንስ። ወንበሩ በሁሉም ጊዜ ወገብ ያሳምማል።»

«ይህን ሁሉ ከየት አመጣኸው?»

«እርስዎ ያስተማሩኝን ገለበጥኩት» አለ፣ ፊቱን ሳያፈታ።

ሳቅኩ። ከልቤ ከሳቅኩ ስንት ጊዜዬ እንደነበር እንጃ። ተሠርቶ ባቡር ያልሄደበትን የሐራውን ሐዲድ ለምን እንደማያሳየኝ ስጠይቀው ደግሞ «በእግር ይርቃል፤ በባቡር ደግሞ አይደረስበትም» አለኝ። ፖለቲካ እንዲህ በሹክሹክታ ሲቀርብ ያን ያህል አያስጠላም ብዬ አሰብኩ።

ከአንድ መስጊድ ጎን ስንደርስ ሼህ ሰይድ የሚባሉ ሽማግሌ ከሱብሂ ሶላት ወጥተው ሲጠብቁን አገኘናቸው። ጋቢያቸውን ተከናንበዋል፣ ከዘራ ይዘዋል። በጉብዝናቸው ዘመን የቀበሌ ሊቀመንበር ነበሩ፤ አሁን በከተማው የተጣላ የሚያስታርቁ፣ በክፉም በደጉም የሚጠሩ ሰው ናቸው። ኑሩ የጉብኝቱን መጨረሻ እንዲተርኩለት ለምኗቸው ነው የመጡት።

«የኑሩ አስተማሪ አንቺ ነሽ? ሸጋ ልጅ ነው፣ ወሬ ብቻ ያበዛል» አሉኝ። ከዚያ ከዘራቸውን አንስተው ወደ ዳገቱ እያመለከቱ፣ «እኔ በጠዋት ስጠራ ለሌላ ጉዳይ ነበር። አሁን ደግሞ ግድግዳ ላስጎበኝ። አጃኢብ ነው እኮ» አሉ።

የጉብኝቱ መጨረሻ ዳገቱ ላይ ያለ አንድ አሮጌ ቤት ነበር። ኑሩ እንደነገረኝ ቤቱን ያሠራው አንድ ባላባት ነው፤ ተወረሰና ቀበሌ ሆነ፣ ኋላም ለሰው ተከራየ፣ በጦርነቱ ጊዜ ደግሞ የገባው ሁሉ ሰፈረበት። እያንዳንዱ የራሱን ቀለም ቀብቶበታል። ኑሩ «ያን ግድግዳ በጥፍርዎ ፋቅ ቢያደርጉት መጽሐፉ ሁሉ እዚያ አለ» ብሎኛል።

ዳገቱ ኃይለኛ ነው። ሼህ ሰይድ ይተነፍሳሉ፤ እኛም ለእሳቸው ብለን ቀስ አልን፣ ወሬያችንንም አቆምን። ሽማግሌው መሐል፣ እኔና ኑሩ ግራና ቀኝ። ደጃፏን የምትጠርግ ሴት ቀና ብላ አየችንና መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ቆመች። ትንሽ ከፍ ብሎ አንድ ሰውዬ በሩ ላይ ቆሞ ጥርሱን ይፍቃል። «እንዴት አደሩ» አልኩት። መፋቂያውን ከአፉ አውጥቶ ወደ ውስጥ ገባ።

ከጀርባችን እግር ሰማሁ። ዞር ስል ያ ሰውዬ ጋቢ ለብሶ ወጥቷል። ሴትየዋም ነጠላዋን ለብሳ ከኋላው አለች። ሌሎችም ከየበራቸው እየወጡ ነው። አይነጋገሩም፣ አይጠጉንምም፤ ስንቆም ይቆማሉ፣ ስንሄድ ይሄዳሉ።

«ኑሩ፣ ሰው እየተከተለን ነው።»

«አይዙሩ ቲቸር» አለ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። «አደባባዩ ላይ ያወራሁትን የሰማ ሰው ይኖራል። ዘንድሮ እንኳን ጣት ቀስሮ፣ ዓይን ቀስሮም አይታለፍም።»

ፈራሁ። መታወቂያዬን ቦርሳዬ ውስጥ በእጄ ፈለግኩ። ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ? የመንግሥት ሠራተኛ፣ በሥራ ቀን ማለዳ፣ ከአንድ ሥራ ፈት አስጎብኚ ጋር ፖለቲካ ስትጎበኝ ተገኘች! እንዲህ እያሰብኩ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ያለው ግቢ ፊት ደረስን።

ኑሩ እየፈራም ቢሆን ሥራውን ጀመረ። ሰማያዊው ቀለም የተላጠበትን አሳየኝ፤ ከሥሩ አረንጓዴ አለ፣ ከአረንጓዴው ሥር ቀይ፣ ከቀዩ ሥር ኖራ። የጥይት ቀዳዳዎችም አሉበት። ሼህ ሰይድ ወደ ግድግዳው ተጠጉና መዳፋቸውን ለጠፉበት። «እዚህ ጋ ነበር ወንበሬ» ሊሉ መሰለኝ፤ ግን ምንም ሳይናገሩ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ቆዩ። ትልቅ ሰው የጉብዝና ዘመኑን ሲያስታውስ የሚያደርገው ነው። ለሚያየን ግን ሌላ ነገር ነበር የሚመስለው።

ከሰዎቹ መሐል አንድ ቀጭን ሰውዬ ተለይተው መጡ። ኋላ እንዳወቅኩት የዚያ ሰፈር የቅሬ ዳኛ፣ ጋሽ ደምሴ የሚባሉ ናቸው። ለሼህ ሰይድ በጆሯቸው ሹክ አሏቸው፤ እኔ ቅርብ ስለሆንኩ ሰማሁ።

«ሼህ ሰይድ፣ ቀኑን ምነው ሳይነግሩን?»

«የምን ቀን?»

«እኛ እኮ ከጎረቤት ልጅ ሰርግ በኋላ ብለን ነበር። ዘመድም ከቆቦ ይምጣ ብለን ነበር፣ መንገዱ አልከፈት ብሎ ነው የቆየነው። ይህች ናት ወሬውን ይዛ የመጣች?» አሉና በዓይናቸው ወደ እኔ አመለከቱ።

ሼህ ሰይድ እጃቸውን ከግድግዳው ላይ አነሱ። ያን ጊዜ እኔም ገባኝ። በአገራችን መርዶ የሚነገረው ሊነጋጋ ሲል ነው። ሽማግሌ መሐል ይሆናል። ከሩቅ የመጣ፣ ጥቁር የለበሰ ሰው አብሮት ይኖራል። ማንም አይናገርም። ያየ ጎረቤት ሁሉ ሳይጠራ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይከተላል። እኛ ሦስታችን ጉብኝት ላይ ነን ብለን ስናዘግም፣ ሰፈሩ መርዶ ነጋሪዎች እየመጡ ነው ብሎ ተነስቶ ነበር። ከዚህ ቤት የጠፋ ሰው እንደነበረ እኛ አላወቅንም። እነሱ ደግሞ የጠፋው ሰው ወዴት እንደደረሰ ያውቁ ነበር።

«የማን?» አሉ ሼህ ሰይድ።

«የኤፍሬም ነዋ፣ የእትዬ በላይነሽ ልጅ። ግንባር አብሮት የዋለው ጓደኛው ነግሮን ሄዷል፣ ቆየ። እሷ ደም ግፊት አለባት፣ ትንሽ ይሻላት ብለን...»

በሩ ተከፈተ።

እትዬ በላይነሽ ቀጠን ያሉ፣ ፀጉራቸውን በሻሽ ያሰሩ ሴት ናቸው። ውሃ የሞላ ጆግ ይዘው ነበር፣ ፊታቸውን ሊታጠቡ መሰለኝ። መጀመሪያ ሼህ ሰይድን አዩ። ከዚያ እኔን፣ ካፖርቴን፣ ነጠላዬን። ከዚያ ከኋላችን የቆመውን ሰፈር። ጆጉን ውሃው ሳይፈስ ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡት።

«ግቡ። ቆማችሁ አትንገሩኝ» አሉ።

ኑሩ ምስኪን ነገሩን የሚያድነው መስሎት ወደ ፊት ወጣ።

«ይቅርታ ያድርጉልን እትዬ፣ እኛ እኮ... ለጉብኝት ነው የመጣነው።»

«ለምን?»

«ግድግዳውን ለማየት።»

ግድግዳቸውን ዞረው አዩት፣ የተላጠውን። ከዚያ ከእኛ አልፈው ጎረቤቶቻቸውን አዩ።

«እናንተስ? እናንተም ግድግዳ ለማየት ነው የመጣችሁት?»

ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን ያይ ጀመር። መጥረጊያዋን ትታ የመጣችው ሴት አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ድሮ ውሃ ልቀዳ ስወጣ ደወለ ወይ ትሉኝ ነበር» አሉ እትዬ በላይነሽ። አልጮሁም፤ ደክሟቸው ነበር የሚናገሩት። «ሁላችሁም ትሉኝ ነበር። አንድ ሰሞን ደግሞ ሁላችሁም ባንዴ ተዋችሁት። ከዚያ ወዲህ እኔ የምጠብቀው ልጄን መሰላችሁ? እናንተን ነው። በየጠዋቱ ይህን በር ስከፍት እናንተን ነው የማየው እያልኩ። ደምሴ፣ ምን አደረግኩህ?»

ጋሽ ደምሴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እትዬ በላይነሽ ወደ እኔ መጡ። ቁመታቸው ትከሻዬ ድረስ ነው።

«አንቺን አላውቅሽም። ስለማላውቅሽ አታዝኝልኝም፣ አትዋሺኝም። ልጄ አለ ወይስ የለም?»

እዚህ ላይ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እኔ ኤፍሬምን አላውቀውም። መኖሩን ያወቅኩት መሞቱን ስሰማ ነው። መርዶ የባዕድ ሰው ሥራ አይደለም፤ ወግ አለው፣ ዳኛ አለው። ጋሽ ደምሴ ከበስተኋላቸው ሆነው ራሳቸውን ይነቀንቁልኛል፣ አትናገሪ። ኑሩ በዓይኑ ይለምነኛል፣ እንግዳ ነኝ በይ። «አላውቅም» ብል ሁሉም እፎይ ብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ እሳቸውም ጆጋቸውን አንስተው ይገባሉ፤ ነገም በሩን ይከፍታሉ። ተማሪዎቼን እውነቱን የማወቅ መብት አላችሁ እያልኩ በየዓመቱ ሳስጽፋቸው ኖሬያለሁ። ያን ጠዋት ግን መብት የሚባለው ነገር ትዝ አላለኝም። ትዝ ያለኝ የደከመ ሰው ፊት ብቻ ነው፤ ያን ፊት የት እንደማውቀው አልገባኝም እንጂ አውቀው ነበር።

ነጠላዬን ከራሴ አውርጄ አዘቀዘቅኩት።

«እርምዎን ያውጡ እናቴ» አልኩ።

ወዲያው አላለቀሱም። ትልቅ ትንፋሽ ተነፈሱ፣ ከባድ ሸክም ያወረደ ሰው እንደሚተነፍሰው። የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ የልጃቸውን ስም አንድ ጊዜ ጠሩ። የሴቶቹ ለቅሶ ከኋላዬ ሲነሳ መሬቱ የተነሳ መሰለኝ። ሼህ ሰይድ ቆባቸውን አውልቀው አጠገባቸው ተንበረከኩ፤ «አፉ በይን በላይነሽ፣ ይቅር በይን እህቴ» እያሉ። ስለዚያ ግድግዳ ሊተርኩ የመጡት ሰው አንድም ነገር ሳይተርኩ ቀሩ።

የቅሬው ድንኳን ቶሎ ተተከለ። ኑሩ ጃኬቱን አውልቆ አግዳሚ ወንበር ይሸከም ጀመር። እኔ ሹልክ ብዬ ልሄድ ነበር፤ ቢሮው ተከፍቷል፣ ኃላፊው በሩ ላይ መያዝ አለባቸው። እትዬ በላይነሽ ግን እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ለቅሶው ትንሽ በረድ ሲል ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ያንቺስ ማነው?»

«የኔ ምን?»

«እኔን ያየሽኝ አስተያየት የባዕድ ሰው አስተያየት አይደለም። ያንቺስ ማነው?»

«ወንድሜ ነው» አልኩ። «እሱ ግን ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ነው ያለው።»

ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

«ሰው ይጠይቅሻል?»

ዳቦ ቤቱ ዝም ያለው፣ የዘበኛው ሚስት በአጥር ብቅ ማለቷን የተወችው፣ ጋሽ እንድሪስ ልጁ ሲመጣስ ስላቸው ስለ ፓፓያ ያወሩት፣ ሁሉም ባንዴ መጣብኝ። ለቅሶው ውስጥ ሆኜ አለቀስኩ፤ ሰው ለኤፍሬም መሰለው።

ዞን አልሄድኩም። ኑሩ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝ። ሚኒባሱ ሊንቀሳቀስ ሲል በመስኮት «ቲቸር፣ ምን ጎደለው?» አለኝ። ስለ ጉብኝቱ መሆኑ ነው። የልማድ ነገር ነው፤ ላሊበላ የወሰዳቸውን ፈረንጆች ሁሉ በመጨረሻ ይጠይቅ ነበር፣ አፉ አምልጦት ነው እንጂ የሚጠይቀው ጊዜ አልነበረም። «ምንም አልጎደለውም ኑሩ» አልኩት። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር።

መርሳ ስወርድ ወደ ቤቴ አልሄድኩም። ቀጥታ ወደ ጋሽ እንድሪስ ማሳ ሄድኩ። ከፓፓያው ሥር ጎንበስ ብለው የመስኖ ቦይ ይቆፍራሉ።

«መጣሽ? ዞኑ እንዴት ሆነልሽ?»

«ጋሽ እንድሪስ፣ ሰው ስለ ሀብታሙ መጠየቅ የተወው መቼ ነው?»

ቀና አላሉም። ውሃው አዲሱን ቦይ ይዞ ሲሄድ አብረን አየነው።

«የሺዬ፣ ደክሞሻል። ግቢና እረፊ።»

«ደክሞኛል። ለዚህ ነው የምጠይቅዎት።»

«ያ አላህ» አሉና ዶማቸውን ጥለው እርከኑ ላይ ተቀመጡ። «ፍልሰታ ይውጣ ብለን ነበር። አንቺ ጦመኛ ነሽ፣ በጦም ሰውነትሽ አይችለውም ብለን። ከዚያ በፊት ደግሞ ፈተና እያረምሽ ነው ብለን። አንቺ ዞር ብትዪ ደግሞ ቀሎልሽ ትሰሚው ነበር ብዬ ነው እኔማ ሂጂ ያልኩሽ...»

«አሁን እንዳይነግሩኝ» አልኳቸው። «እዚህ፣ ውሃ ላይ ቆሜ አልሰማም። ነገ ጠዋት ኑ። እንደ ወጉ ኑ። ሁሉም ይምጣ።»

ይህን ካሳለፍኩ ወዲህ ጊዜው ሄዷል። ዝውውሩን ተቀብዬ አሁን የምኖረው ወልድያ ነው፤ በሩን የምጠብቅለት ሰው ስለሌለ። እትዬ በላይነሽን እሁድ እሁድ እጠይቃቸዋለሁ። ኑሩ ጉብኝቱን አልተወም፤ ግን ከሰዓት ነው የሚጀምረው፣ ደማቅ ሹራብ ይለብሳል፣ በዚያ ሰማያዊ በር በኩል አያልፍም። ሼህ ሰይድ ግድግዳውን እስከ ዛሬ አልተረኩለትም።

ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ፖለቲካ ምንድነው?» ሲሉኝ መጽሐፉ ያለውን አጽፋቸዋለሁ፣ ፈተና ላይ ስለሚመጣ። ለእናንተ ግን የማምነውን ልንገራችሁ። ልጆቻችንን ስማቸውን ጠርቶ የወሰዳቸው አካል ስማቸውን ጠርቶ ሳይመልሳቸው ቀረ። የሞታቸውን ወሬ መናገር የነበረበት ዝም አለ፤ ያን ዝምታ ጋሽ ደምሴና ጋሽ እንድሪስ ተሸከሙት። አይችሉትም ነበር። ከደግነት የተነሳ ሰርግ ይለፍ፣ ጦም ይውጣ፣ መንገድ ይከፈት እያሉ፣ ቀን ሲቆርጡና ቀን ሲሰርዙ እነሱም አረጁ። ተቆጥቼባቸው ነበር፤ አሁን ግን አልቆጣም። እናንተም በሰፈራችሁ ስለ ልጇ መጠየቅ የተዋችኋት እናት ካለች፣ እሷ መተዋችሁን እንደምታውቅ ብቻ እወቁልኝ። ሌላ የምለው የለኝም።

ጋሽ እንድሪስን ማሳቸው ላይ ባናገርኩ በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል ተነሳሁ። ስልኬን ከትራሴ ስር አውጥቼ አጠፋሁት። ፊቴን ታጥቤ ጥቁሩን ካፖርቴን ለበስኩ፣ ቤት ያለውን ወንበር ሁሉ በግድግዳው ዙሪያ ደረደርኩ፣ በሩን ገርበብ አደረግኩት። ብዙ አልቆየሁም። መንገዱ ላይ የብዙ ሰው እግር ሰማሁ፤ ወሬ የለም፣ ሳል የለም። ጋሽ እንድሪስ ከፊት ናቸው። የዳቦ ቤቱ ሰውዬ አለ፣ የዘበኛው ሚስት አለች። በሩ ላይ ደርሰው ቆሙ፣ መግባቱ ጨነቃቸው።

«ግቡ» አልኳቸው። «ቆማችሁ አትንገሩኝ።»